አዲስ ወይስ የታደሰ? የሲቲ ስካን ገበያና የባሌ ሒሳብ

ሮቤ ላይ ስለ ማሽን ዋጋ የሚያስተምር ባለሙያ ከአዲስ አበባ ማስመጣት አያስፈልግም። የስንዴ አዝመራ ሲደርስ ኮምባይነር የሚያከራይ ሰው ሁሉ ትምህርቱን ጨርሷል። በዚያ ሳምንት ገበሬው ማሽኑ አዲስ ነው ወይስ አሮጌ ብሎ አይጠይቅም፤ “ይሠራል ወይ?” ነው የሚለው። ደመናው ከሳነቴ በኩል ሲጠቁር አንዲት ኩሽኔታ ጠፍታ የቆመ ኮምባይነር፣ ባለቤቱ ሲገዛው ያተረፈውን ገንዘብ በጥቂት ቀን ውስጥ ይበላዋል። ርካሽ የተባለው ዕቃ ውድ የሚሆነው በግዢው ቀን ሳይሆን በቆመበት ቀን ነው።

ይህ የአዝመራ ትምህርት በሌላ ገበያም ይሠራል። ከስንዴ፣ ከሆቴልና ከትራንስፖርት ያገኘውን ገንዘብ ወደ ሕክምና ምርመራ ለማዞር የሚያስብ የባሌ ባለሀብት፣ ገና ፕሮፎርማ ሲሰበስብ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ይቀመጡለታል። አንዱ የአዲስ ሲቲ ስካን ዋጋ ነው። ሌላው “የታደሰ” የተባለው፣ ግማሽ የማይሞላ ዋጋ ያለው። ደላላው ሁለተኛውን ጠቁሞ “እንደ አዲስ ነው፣ ከአውሮፓ ሆስፒታል የወጣ” ይላል። ወኪሉ አንደኛውን ጠቁሞ “ሰልባጅ ገዝተህ እንዳትጸጸት” ይላል። ሁለቱም የሚሉት በኮሚሽናቸው በኩል ሆነው ነው። ሒሳቡን የሚሠራው ግን ገዢው ራሱ መሆን አለበት።

መንገዱ ረጅም ነው

ሮቤና ጎባ በ14 ኪሎ ሜትር የተለያዩ መንትያ ከተሞች ናቸው። በ1999 ዓ.ም ሥራ የጀመረው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ ተቀምጦ፣ የጎባ ሪፈራል ሆስፒታልን የማስተማሪያና የሕክምና ማዕከሉ አድርጎ ይዟል። ከጊኒር በኩል፣ ከደሎ መና ሳነቴን ተሻግሮ፣ ከአጋርፋና ከዲንሾ የሚመጣው በሽተኛ ማረፊያው እዚሁ ነው። ከሮቤ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የዚህ ርቀት ትርጉም ለሐኪም ግልጽ ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ወይም በድንገት ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ሰው ደም ፈሶት እንደሆነ ወይም ደም ረግቶበት እንደሆነ የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። የሁለቱ ሕክምና ተቃራኒ ነው። በአቅራቢያው የሚሠራ ማሽን ያላገኘ በሽተኛ ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ አዳማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ሁለት አስታማሚ አብሮት ይሄዳል፤ በሬ ወይም እህል ይሸጣል፤ አልጋ ይከራያል። ይህ ወጪ በማንም ባለሀብት የሒሳብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ማሽኑ በቆመ ቁጥር ግን ይከፈላል፤ ከፋዩም በሽተኛው ነው።

ለነጋዴውም ርቀቱ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ገበያው የእርሱ ነው፤ እስከ ሻሸመኔ ድረስ የሚወዳደረው ብዙ አይደለም። በሌላ በኩል መለዋወጫውም መሐንዲሱም ያሉት ከዚያው መንገድ ወዲያ ማዶ ነው። አዲስ አበባ ላይ በማግስቱ የሚጠገን ብልሽት ሮቤ ላይ ሳምንት ቢፈጅ የሚደንቅ የለም።

“ያገለገለ” እና “የታደሰ” አንድ አይደሉም

በገበያው አፍ ሁሉም “የታደሰ” ነው። በእውነቱ ግን ሦስት ዓይነት ዕቃ አለ። የመጀመሪያው ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ነው። ሁለተኛው በደንብ የታደሰ ነው፤ ተፈትቶ የተመረመረ፣ ያረጀው ክፍሉ የተቀየረ፣ ሶፍትዌሩ የተስተካከለ፣ እንደገና ተለክቶ ዋስትና የተጻፈለት። ሦስተኛው ያገለገለ ብቻ ነው፤ ከአንድ ሆስፒታል ተነቅሎ፣ ተወልውሎና ቀለም ተቀብቶ በኮንቴይነር የተጫነ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት፣ በአዲስና በታደሰ መካከል ካለው ይበልጣል።

መታደስ የሚባለው ሥራ ደንብ ያለው ሥራ ነው። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕክምና ምስል መሣሪያዎች እድሳት ብቻ የሚያገለግል 63077 የተባለ ደረጃ አውጥቷል። ትልልቆቹ አምራቾችም የራሳቸው የእድሳት መስመር አላቸው፤ የጂኢ “ጎልድሲል”፣ የሲመንስ “ኢኮላይን” በገበያው የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ገዢው “ታድሷል ወይ?” ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ “አዎ” ነው። “ማን አደሰው? በየትኛው ደረጃ? የተቀየረው ምንድን ነው? ወረቀቱ የታለ?” ብሎ የጠየቀ ግን ሦስቱን ዕቃ በአምስት ደቂቃ ይለያቸዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ለመሆኑ አውሮፓውያኑ ደህና ማሽን ለምን ይሸጣሉ? የአውሮፓ የራዲዮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ምክር እስከ አምስት ዓመት ያለውን መሣሪያ ዘመናዊ፣ ከስድስት እስከ አሥር ያለውን በሚገባ ከተያዘ አገልግሎት የሚሰጥ፣ ከአሥር ያለፈውን ደግሞ መተካት ያለበት ብሎ መድቦታል። የአምራቾቹ ማኅበር መለኪያም በአንድ አገር ካለው መሣሪያ ቢያንስ 60 በመቶው ከአምስት ዓመት በታች እንዲሆን ይመክራል። ስለዚህ ሰባት ዓመት የሠራ ማሽን ሳይሞት ከሆስፒታል ይወጣል። ይህ ለገዢው መልካም ዜና ነው። መጥፎው ዜና የአሥራ ሦስት ዓመቱም በዚያው በር ወጥቶ፣ በዚያው ስም መሸጡ ነው።

የአሥር ዓመቱ ሒሳብ

እስቲ ሒሳቡ በወረቀት ላይ ይታይ። የሚከተሉት ቁጥሮች ለምሳሌ የተያዙ ናቸው፤ ገዢው በእጁ ባለው ፕሮፎርማ ሊተካቸው ይገባል። አሠራሩ ግን አይለወጥም።

አንድ ባለ 16 ስላይስ አዲስ ሲቲ ስካን 300,000 ዶላር፣ የታደሰው 140,000 ዶላር ነው እንበል። ለማጓጓዣና ለተከላ ለእያንዳንዱ 20,000 ዶላር ይያዝ። አዲሱ አሥር ዓመት ያገለግላል፤ የታደሰው አምስት ዓመት። ስለዚህ በአሥር ዓመት ውስጥ የታደሰው ሁለት ጊዜ ይገዛል። የእርሳሱ ክፍል፣ የመብራቱ መስመርና የሠራተኛው ደመወዝ ለሁለቱም እኩል ስለሆኑ ከሒሳቡ ይውጡ።

በአዲሱ በኩል፤ ዋጋና ተከላ 320,000 ዶላር ነው። የመጀመሪያው ዓመት በዋስትና ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ ላሉት ዘጠኝ ዓመታት የጥገና ውል በዓመት የዋጋው 8 በመቶ፣ ማለትም 24,000 ዶላር ቢሆን 216,000 ዶላር ይሆናል። የሲቲ ስካን ልብ የሆነው የራጅ ቲዩብ እንደ መኪና ጎማ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ በአሥር ዓመት ሁለት ጊዜ በ60,000 ዶላር ቢቀየር 120,000 ዶላር ነው። ድምሩ 656,000 ዶላር።

በታደሰው በኩል፤ ሁለት ጊዜ ግዢና ተከላ 320,000 ዶላር ነው። እያንዳንዱ አንድ ዓመት ዋስትና ኖሮት ለቀሩት አራት አራት ዓመታት በ20,000 ዶላር ውል ቢገባ 160,000 ዶላር ይሆናል። ቲዩብ ለእያንዳንዱ አንድ ጊዜ ቢቀየር ያው 120,000 ዶላር ነው። ድምሩ 600,000 ዶላር።

ደላላው ያሳየው የ160,000 ዶላር ልዩነት በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 56,000 ዶላር ወረደ። የታደሰው አሁንም ይረክሳል። ግን “በግማሽ ዋጋ” የሚለው ወሬ አበቃለት፤ ልዩነቱ ከጠቅላላው ወጪ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

ሃያ አንዷ ቀን

አሁን ኮምባይነሩ ይታወስ። ከላይ ያለው ሒሳብ ሁለቱም ማሽኖች እኩል ቀን ይሠራሉ ብሎ ነው የተነሳው። ያረጀ ዕቃ ግን የበለጠ ይቆማል። ጥያቄው ምን ያህል ቢቆም ነው ያ 56,000 ዶላር የሚያልቀው የሚለው ነው።

ማዕከሉ በቀን አሥር ሰው ያያል እንበል። ከእያንዳንዱ ምርመራ የፊልሙ፣ የመድኃኒቱና የአንባቢው ሐኪም ክፍያ ተቀንሶ 4,000 ብር ይቀራል። የአንድ ቀን ገቢ 40,000 ብር ነው። ለስሌት እንዲመች ዶላሩ በ150 ብር ቢታሰብ 56,000 ዶላር 8,400,000 ብር ነው። ይህ ለ40,000 ሲካፈል 210 ቀን ይወጣል፤ ለአሥር ዓመት ሲካፈል በዓመት 21 ቀን።

ነገሩ ሁሉ እዚህች ቁጥር ላይ ያርፋል። የታደሰው ማሽን ከአዲሱ በዓመት ከ21 ቀን በላይ የሚቆም ከሆነ፣ የታደሰው ውድ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ርካሽ ነው። ሃያ አንድ ቀን ደግሞ ብዙ አይደለም። አንድ ሰሌዳ ተቃጥሎ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ እስኪመጣ፣ ባንክ ምንዛሪውን እስኪፈቅድ፣ ጉምሩክ እስኪለቅና መሐንዲሱ ባሌ እስኪደርስ አንድ ብልሽት ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል።

ታዲያ ገበያው ሲያንስ ሒሳቡ ይገለበጣል። በቀን አራት ሰው ብቻ የሚያይ ማዕከል የቀን ገቢው 16,000 ብር ነው። ለእርሱ 56,000 ዶላሩ የሚያልቀው በዓመት 52 ቀን ተጨማሪ ሲቆም ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ያለበት ቦታ አዲስ ማሽን ይፈልጋል፤ ጥቂት ሰው ያለበት ቦታ ጥሩ የታደሰ ማሽን ይችለዋል። ከተማው ትንሽ ስለሆነ ሳይሆን፣ የቆመው ቀን የሚያሳጣው ገንዘብ ስለሚያንስ ነው። ለበሽተኛው ግን በቀን አራት ሰው በሚታይበትም ቦታ የቆመ ቀን ያው የቆመ ቀን ነው።

ዶላሩና ወለዱ

ሌላው በፕሮፎርማ ላይ የማይታይ ነገር የክፍያው ጊዜ ነው። አዲሱን የገዛ ሰው ከ656,000 ዶላሩ 320,000ውን ዛሬ ከፍሎ ይገላገላል፤ ለወደፊት የሚቀርበት 336,000 ዶላር ነው። የታደሰውን የገዛ ሰው ዛሬ የሚከፍለው 160,000 ዶላር ብቻ ነው፤ 440,000 ዶላር ግን ገና ወደፊት፣ በዚያን ጊዜው ምንዛሪ ይገዛል። በሌላ አነጋገር የታደሰ ማሽን የገዛ ነጋዴ ሳያውቀው በዶላር ዋጋ ላይ ተወራርዷል።

የብርን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ውርርድ ቀላል አያደርገውም። በ1985 ዓ.ም መጀመሪያ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ተሻገረ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም ብር በአንድ ቀን 15 በመቶ ዋጋ አጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በ2008 ዓ.ም 21 ብር ገደማ እንደነበር ለሚያስታውስ ነጋዴ አሥር ዓመት ምን ሊያመጣ እንደሚችል መንገር አያስፈልግም።

ሒሳቡ ይህን ይላል። በ150 ብር ምንዛሪ አዲሱ በመጀመሪያው ቀን ከታደሰው 24 ሚሊዮን ብር ይበልጣል። የወደፊቱ የዶላር ክፍያ ግን በ104,000 ዶላር ያንሳል። በቀሩት ዓመታት የዶላሩ አማካይ ዋጋ ከ231 ብር በላይ ከሆነ፣ አንድም ቀን ተጨማሪ ሳይቆም እንኳ አዲሱ ይረክሳል። 231 የማይደረስ ቁጥር ነው ብሎ የሚምል ነጋዴ ካለ ይምጣ። የምርመራ ዋጋ ከዶላሩ እኩል ይጨመራል የሚል ካለም የባሌን ገበሬ ኪስ አላየም፤ የእርሱ ገቢ ስንዴ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ገንዘቡ የራስ ከሆነ ነው። ያ 24 ሚሊዮን ብር በ16 በመቶ ወለድ ተበድሮ፣ ዋናው በአምስት ዓመት እኩል እኩል የሚመለስ ከሆነ ወለዱ ብቻ 11.5 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። ያኔ አዲሱ የሚያዋጣው የዶላሩ አማካይ 342 ብር ገደማ ሲደርስ ነው። የራሱ ገንዘብ ያለውና የተበደረው ሰው አንድ ዓይነት ምክር ሊሰጣቸው አይችልም። የካፒታል ዕቃዎች ኪራይ አዋጅ ከ1990 ዓ.ም ጀምሮ በአገሪቱ አለ፤ የሕክምና መሣሪያ ገዢም ባንክ በር ላይ ቤቱን ከማስያዙ በፊት ማሽኑ ራሱ ዋስትና የሚሆንበትን የኪራይ መንገድ ቢያንኳኳ አይጎዳም።

ከፍታውና መብራቱ

የአዲስ አበባ ወኪል ሊረሳው የሚችል፣ የባሌ ገዢ ግን ሊረሳው የማይገባ ሌላ ነገር አለ። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ሁለት ነገር ያደርጋል። ሙቀትን በደንብ አይወስድም፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ ክፍሎች መካከል ያለውን መከላከያም ያደክማል። ሲቲ ስካንና ራጅ ደግሞ ከመቶ ሺህ ቮልት በላይ የሚያመነጩ፣ ብዙ ሙቀት የሚጥሉ መሣሪያዎች ናቸው።

ለዚህ ነው የመሥሪያ ከፍታ ወሰን በመሣሪያው መመሪያ ላይ የሚጻፈው። 2,000 ሜትር የሚልም አለ፤ 3,000 ሜትር የሚልም አለ። በባሕር ዳርቻ ከተማ አሥር ዓመት የሠራ ማሽን ጎባ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። የታደሰ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ይህን ገጽ ሳያይ ቀብድ ቢከፍል ጥፋቱ የራሱ ነው።

ጄኔሬተሩም ያው ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል የሚለው የተለመደ ሒሳብ ቢወሰድ፣ ባለ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር የተባለው ጄኔሬተር ሮቤ ላይ 75 ገደማ ነው። በሳነቴ ዳገት መኪና የነዳ ሁሉ ይህን በእግሩ ያውቀዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚዘለው ቮልቴጅ ደግሞ ሰሌዳ ያቃጥላል። የቮልቴጅ ማስተካከያና ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ ቅንጦት ሳይሆን የማሽኑ አካል ነው። በዚህ ላይ የሚቆጥብ ሰው በሃያ አንዷ ቀን ላይ ይከፍለዋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

ስለዚህ ምን ይገዛ?

መልሱ ለሁሉም መሣሪያ አንድ አይደለም። ለአልትራሳውንድና ለዲጂታል ራጅ አዲስ መግዛት ይሻላል። ዋጋቸው ከሲቲ ስካን ጋር አይወዳደርም፤ ሥራቸው ግን የማዕከሉን አብዛኛውን ቀን ይይዛል። ያገለገለ አልትራሳውንድ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ በፕሮቡ በኩል ነው፤ ውድ የሆነውም እርሱ ነው። እዚህ ላይ አሮጌ መግዛት ጥቂት ብር ቆጥቦ የየቀኑን ገበያ ማጣት ነው።

ለሲቲ ስካን፣ ገበያው ገና የሚጀምርና ገንዘቡ በብድር የሚመጣ ከሆነ፣ በአምራቹ ወይም አምራቹ በሚያውቀው ድርጅት የታደሰ ማሽን ትክክለኛ ምርጫ ነው። ዕድሜው ከተመረተበት ቀን ጀምሮ ሰባት ዓመት ያላለፈ፣ ቲዩቡ አዲስ የሆነ፣ መለዋወጫው ቢያንስ ለአምስት ዓመት በጽሑፍ የተረጋገጠ መሆን አለበት። ሁለተኛው ግዢ ሲደርስ ግን፣ በሽተኛው በቀን አሥር ከሆነ፣ አዲስ ይገዛ። ሦስተኛው ዕቃ፣ ተወልውሎ የመጣው ያገለገለ፣ በምንም ዋጋ ለባሌ አይሆንም።

ኤምአርአይ ይቆይ። በተለመደው ዓይነት ማግኔቱ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዝ ነው፤ ማቀዝቀዣው ያለማቋረጥ መብራት ይፈልጋል። ሂሊየሙ ከተነነ መልሶ መሙላት የአንድ መኪና ዋጋ ነው፤ ባሌ ድረስ ማምጣቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፊሊፕስ በሰባት ሊትር ሂሊየም ብቻ የሚሠራና የታሸገ ማግኔት አቅርቧል። እንዲህ ያለው ወደ ታደሰው ገበያ በብዛት ሲወርድ የባሌ ሒሳብ እንደገና ይሠራል። እስከዚያው ግን በርካሽ የተገኘ አሮጌ ኤምአርአይ “ላም አለኝ በሰማይ” ነው።

ውሉ ላይ የሚጻፈው

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 አገሮች ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን ቆጥሮ 38.3 በመቶው ከሥራ ውጪ ሆኖ አግኝቶታል። በምክንያትነት ያነሳቸውም የሥልጠና፣ የአያያዝና የመሠረተ ልማት ጉድለት ነበሩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ማሽኑን የሚያቆመው ዕድሜው ብቻ አይደለም፣ በዙሪያው ሰው አለመኖሩም ነው። አዲስ ገዝቶ ጠጋኝ ያላዘጋጀ ሰው የታደሰ ገዝቶ ጠጋኝ ካዘጋጀው የባሰ ነው።

ስለዚህ ገዢው ኤል ሲ ከመክፈቱ በፊት ውሉ ላይ አምስት ነገር ያስጽፍ። አንደኛ፣ የማሽኑ የምርት ዓመትና ቲዩቡ እስካሁን የሠራው መጠን። ሁለተኛ፣ አምራቹ መለዋወጫ የሚያቀርብበት የመጨረሻ ዓመት። ሦስተኛ፣ የመሥሪያ ከፍታ ወሰኑ፣ ሮቤ ወይም ጎባ በስም ተጠቅሶ። አራተኛ፣ የሥራ ቀን ዋስትና፤ ማሽኑ በዓመት ከተወሰነ ቀን በላይ ከቆመ ሻጩ በየቀኑ የሚከፍለው ቅጣት። አምስተኛ፣ የክፍያው የተወሰነ ክፍል ተከላው አልቆ፣ ማሽኑ ሠርቶ ከታየ በኋላ የሚለቀቅ መሆኑ።

የመንግሥት ፈቃዱም በጊዜ ይጠየቅ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያን በቁጥጥር ሥር አድርጎታል። ጨረር የሚያመነጭ መሣሪያ ደግሞ የጨረራ ተቆጣጣሪውን ፈቃድ ይፈልጋል። “ወደብ ከደረሰ በኋላ እንጨርሰዋለን” የሚል ደላላ የራሱን ኮሚሽን ጨርሶ የሚሄድ ነው፤ የወደቡን ኪራይ የሚከፍለው ባለ ዕቃው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ገዢዎቹ በጋራ ሊያደርጉት ይችላሉ። በሮቤ፣ በጎባና በጊኒር ያሉ የግል ክሊኒኮችና የምርመራ ባለቤቶች ለየብቻ ከአዲስ አበባ መሐንዲስ እየለመኑ ከሚኖሩ፣ ገንዘብ አዋጥተው አንድ የባዮሜዲካል መሐንዲስ ሮቤ ላይ ቢያስቀምጡ ይሻላቸዋል። የጅማና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሙያ ያስተምራሉ። አንድ ዓይነት ማሽን ተስማምተው ቢገዙ ደግሞ አንዱ መለዋወጫ ለሁሉም ይሆናል። የኮምባይነር ባለቤቶች በአዝመራ ጊዜ መለዋወጫ እየተዋሱ የሚሠሩት ስለሚዋደዱ አይደለም፤ ስለሚያዋጣቸው ነው።

በመጨረሻ፣ “አዲስ ወይስ የታደሰ?” የሚለው ጥያቄ ራሱ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሙሉው ጥያቄ “ሲበላሽ ማን፣ ከየት፣ በስንት ቀን ይመጣል?” የሚለው ነው። ይህን በጽሑፍ የመለሰ ሻጭ አዲስም ይሽጥ የታደሰ ይደመጥ። ያልመለሰው ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ ፕሮፎርማው ይመለስለት። ከደሎ መና ሌሊት ተነስቶ፣ ሳነቴን በብርድ ተሻግሮ፣ ጎባ የደረሰ በሽተኛ በሩ ላይ “ማሽኑ ተበላሽቷል” የሚል ወረቀት ተለጥፎ ቢያገኝ፣ ማሽኑ በስንት እንደተገዛ አይጠይቅም።